ከኩሽናው ማዶ ያለችው ተከራይ

በሩን ስትከፍት እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በጂፕሰም ነጥቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ሻንጣ ይዞ የቆመው ወጣት መጀመሪያ እጇን አየ፣ ቀጥሎ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችው።

«ቤታችንን።»

«እንዴት?»

«ማለቴ... የእናቴ ቤት ነው። ቁልፉን እህቴ ጋ ረስቼው መጣሁ። እርስዎስ?»

«እኔማ ተከራይዋ ነኝ።»

ይህቺ ቃል በኋላ ምን ያህል ጣጣ እንደምታመጣ ሁለቱም አላወቁም። እሷ ወደ ጎን ብላ አሳለፈችው፤ እሱም በገዛ እናቱ ቤት «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ገባ።

ሙያዋ ጥርስ መሥራት ነው። በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሰምና ከጂፕሰም ጋር ስትታገል ትውላለች፤ የቀረውን ሥራ አንዳንዴ ቤት ይዛ ትመጣለች። ከቤቱ ባለቤት ከእማማ ጋር የተዋወቁትም በጥርስ ነው። እማማ ጥርስ ሊያሠሩ መጥተው፣ አንድ ጊዜ «ነከሰኝ»፣ ሌላ ጊዜ «ፈረስ አስመሰለኝ» እያሉ ስንት ጊዜ አመላለሷት። አንድ ቀን ግን መስተዋቱን አንስተው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ወደ ሳቅ ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው የምትኖሪው?» አሏት።

ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተጣብባ እንደምትኖር ነገረቻቸው።

«እኔ ዘንድ ከኩሽናው ማዶ ክፍል አለ። ነይና እይው።»

አይታ ወደደችው። ግድግዳውን ራሷ ቀባችው። በወር ኪራይ ተስማምተው እማማ ቁልፉን አስረከቧት፤ ስሟንም ያን ቀን ለወጡት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ መጠሪያዋ «ጥርሴ» ሆነ።

እንዲህ ሲኖሩ፣ አንድ ጠዋት እማማ ፎቅ ካለው መኝታ ቤታቸው ሲወርዱ ደረጃው አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ጩኸታቸውን ሰምታ የደረሰችው እሷ ናት፤ አምቡላንስ ጠርታ፣ ጥርሳቸውን በመሀረብ ጠቅልላ ይዛ፣ እስከ ሐኪም ቤት አብራቸው የሄደችውም እሷ ናት። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ትልቋ ልጃቸው ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ቤቱ ጭር አለ።

አሁን የመጣው ትንሹ ልጃቸው ነው። የሊፍት መካኒክ ሆኖ ሌላ ከተማ ሲሠራ ቆይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ እዚህ ለሚሠራ አዲስ ሕንፃ አዛወረው። ታላቅ እህቱም «እናታችን ቤት እደር፤ ቤቱ ያለ ሰው አይሁን» አለችው። እሱም አደረ። «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በይቅርታ አለቁ። «ይቅርታ፣ ውሃ ልቅዳ?» «ይቅርታ፣ ምድጃውን ጨርሰዋል?» በአንዲት ጠባብ ኩሽና ውስጥ፣ ላለመነካካት ግድግዳ ታክከው ይተላለፉ ነበር።

አንድ ምሽት ከሥራ ስትመለስ ኩሽናው በጢስ ታፍኖ አገኘችው። መካኒኩ መጥበሻ ይዞ እንደ ጥፋተኛ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«እንቁላል ነበር።»

መጥበሻውን ጎንበስ ብላ አየችው። «ነፍስ ይማር» አለችና መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ የራሷን ድስት ከፍታ ሾርባ ቀዳችለት። ከፊቷ ተቀምጦ በላ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ።

«እርስዎ ነገ...» ብላ ስትጀምር፣

«ይሄን እርስዎ የሚባል ነገር ብንተወውስ?» አላት። «ኩሽና ውስጥ አማት ያሉ እየመሰለኝ ተሳቅቄ ሞትኩ።»

ሳቀች። በማግስቱ እሱ ዳቦና ድንች ገዝቶ ገባ። ከሰነበተ በኋላ አልዘጋ ብሎ ስታሰቃያት የነበረችውን የክፍሏን መስኮት ሠራላት፤ በሯ ላይ ቆሞ «ልግባ?» ብሎ፣ «ግባ» እስክትለው ጠብቆ።

ማታ ማታ ስለ ሥራቸው ያወራሉ። እሱ፣ ሊፍት ሲታመም በድምፁ እንደሚያስታውቅ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ እንደሚያዳምጥ ነገራት።

«አንቺስ? የሰው ጥርስ ስትሠሪ መዋል አይሰለችም?»

ትንሽ አሰበች። «ጥርስ የሌለው ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጥርሱን ሠርቼ ስሰጠው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እጁን ማውረድ ነው። እሱን ለማየት ነው የምሠራው።»

 መካኒኩ ማንኪያውን እንደያዘ አያት። እሷም ቀና ብላ ስታየው ዓይኗን መመለስ አቃታት። ምድጃው ላይ የተጣደው ሻይ ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ተሽቀዳድመው ሲነሱ እጅ ለእጅ ተጋጩ፣ ሁለቱም እኩል «ይቅርታ» አሉ።

ከእህቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። አብረው ስለበሉት፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ መስኮቱ። ማውራቱ ደስ ይለዋል፤ የሚያወራውም ደስ ስለሚለው ብቻ ነበር።

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ የደረሳት በዚህ መሃል ነው።

እህትየው፣ እናቷ ሐኪም ቤት ሳሉ በፈረሙላት ውክልና ቤቱን ልትሸጥ ተነስታለች። ገዢው ደግሞ ባዶ ቤት ነው የምፈልገው ብሏል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጠመዘዘው። ተከራይ ከሆነች ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ ውጪ አትባልም፤ መብቷ ገዢውንም ይከተለዋል። ደባል ከሆነች ግን፣ ማለትም ከባለቤቱ ቤተሰብ ጋር ተጠግታ የምትኖር ከሆነች፣ እቃዋን ሸክፋ መውጣት ነው። ሙግቱ በዚህች ቃል ላይ ሆነ።

ችሎት ላይ ስትቀርብ መካኒኩ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። «አይዞሽ» ብሎ በዓይኑ አበረታታት። ከዚያ የእህቱ ጠበቃ ተነሳ።

«የቤቱ ባለቤት ወንድ ልጅ እቤቱ ውስጥ ይኖራል» አለ። «ተከሳሿ ከእሱ ጋር በአንድ ኩሽና ታበስላለች፣ በአንድ ጠረጴዛ ትበላለች። እሱ ዳቦና ድንች ይገዛል፤ እሷ ሾርባ ትሠራለች። መስኮቷ ሲበላሽ የሚጠግንላት እሱ ነው። ይህቺ ከቤተሰቡ ጋር የምትኖር ደባል እንጂ ተከራይ አይደለችም።»

ሾርባው። መስኮቱ። ድንቹ እንኳ አልቀረም። ፊቷ ሲቃጠል ተሰማት። ዞር ብላ አላየችውም፤ ብታየው ኖሮ እሱም በድንጋጤ ክው ብሎ መቅረቱን ታይ ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት። «የቤቱ ባለቤት ጤነኛ በነበሩ ጊዜ፣ ሳያስፈቅዱ ክፍልዎ ውስጥ ይገቡ ነበር?»

ጠበቃው ብዕሩን አነሳ። «አይገቡም» ብትል ክፍሉ የብቻዋ ይሆናል። ጥያቄው የተጠየቀው ለዚህ እንደሆነ ገብቷታል። ነገር ግን እማማ ታወሷት፤ በሩን በርግደው ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘፍ የሚሉት፣ «ተኝተሻል እንዴ ጥርሴ?» ብለው የሚቀሰቅሷት።

«አዎ» አለች። «ሳያንኳኩ ይገቡ ነበር።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ጻፈ። ዳኛዋ ግን የቤቱን ባለቤት ሳልሰማ አልወስንም ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ኩሽና ውስጥ ሲገናኙ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እራት አብረኸኝ ስትበላ የነበረው ለዳኛ ነው?»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

«መስኮቴንስ የሠራኸው? ‹ልግባ?› ብለህ ቆመህ ስትጠይቀኝ እኮ እኔ...» የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። «እኔ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።»

«ለእህቴ ያወራሁት እኔ ነኝ። ግን...»

«በቃ፤ ነገርኳት ካልክ በቃኝ።»

በሯን ዘጋች። የቁልፉን መዞር ሰማ። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አንድ የሥራ ጓደኛው ዘንድ ገባ። እሷ ኩሽናዋን አገኘች፤ እንደ ልቧ ምድጃውን መያዝ፣ እንደ ልቧ መተላለፍ ትችላለች። ሾርባዋን ሠርታ አንድ ሳህን ቀዳች፤ ሳትጨርሰው ቀረች።

በቀጠሮው ቀን እማማ በትልቋ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ከስተዋል። ጥርስ ሠሪዋን ሲያዩ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንስተው ሰላም ሊሉ ሲሞክሩ ሊወድቁ ነበር።

መጀመሪያ የተጠራው መካኒኩ ነው።

«በእናትዎ ቤት ይኖራሉ?» አለው ጠበቃው።

«አልኖርም። እንግዳ ነበርኩ፤ አሁን ወጥቻለሁ።»

«እራትዎን የት ነበር የሚበሉት?»

«ስትጋብዘኝ ከእሷ ጋር።»

«ሳትጋብዝዎስ?»

«ሳትጋብዘኝማ ጦሜን አድር ነበር፤ እንቁላል መጥበስ እንኳ አልችልም።»

ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ዳኛዋ ዞሮ፣ «ክብርት ዳኛ፣ ያ ክፍል የሷ ነው» አለ። «ያለ ፈቃዷ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። እዚያ ቤት ውስጥ ተጠግቶ የኖረ ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

እህቱ በቁጣ አየችው። ከሳሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ የገዛ ወንድሟ ሲመሰክርባት መስማት ቀላል አይደለም። እሱም ያንን ያውቃል።

ቀጥሎ እማማ ተጠየቁ። ሳይፈቀድላቸው ሳያንኳኩ ይገቡ እንደነበረ ጠበቃው ሲያነሳባቸው፣ ቆጣ አሉ።

«እገባ ነበር! ታዲያ ይሄ እኮ የኔ ብልግና ነው እንጂ የሷ መብት ማጣት አይደለም። ቁልፉን ስሰጣት ‹ክፍሉ ያንቺ ነው› ብያታለሁ። ሰው እየናፈቀኝ፣ ብቻዬን ግድግዳ ማየት እየሰለቸኝ፣ ዘው እያልኩ አስቸገርኳት። እሷ ይሉኝታ ይዟት ዝም አለችኝ። አሁን ዝም ስላለችኝ ነው መብት የላትም የምትሉት?»

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። ክፍሉ ተለይቶ፣ ቁልፉ በእጇ ሆኖ የተከራየችው ስለሆነ ተከራይ ናት፤ የቤቱ ባለቤት ሳያንኳኩ መግባታቸውም ሆነ የጓደኛ እራት ይህን አይለውጠውም ብለው ወሰኑ።

ማሸነፏን ሰምታ ስትወጣ ደስታው አልመጣላትም። እህትየው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋን እያየች ታለቅሳለች። ዕድሜዋ ከልቅሶው ጋር የጨመረ ይመስላል።

«አሁን እናቴን የት ላድርጋት?» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ቤት ሳሎን ነው የምትተኛው። እሷ ስታቃስት ልጆቼ ይነቃሉ፤ ልጆቼ ሲንጫጩ እሷ ትነቃለች። ወደ ቤቷ እንዳልመልሳት መኝታዋ ፎቅ ነው። ያ ደረጃ አንዴ ሰብሯታል። ሸጬ ደረጃ የሌለው ቤት ልገዛላት ነበር እኮ...»

ጥርስ ሠሪዋ ቆማ ሰማች። ከዚያ ሄደች።

ያን ሰሞን ክፍሏን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረች። ከአልጋዋ ተነስታ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ስትሄድ እግሯ የሚሰናከልበት አንድም ደረጃ የለም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል። ራሷ የቀባችውን ግድግዳ በእጇ ዳሰሰችው፤ አሳዘናት። እሑድ ከሰዓት ግን ልብሷን ቀይራ ወደ እህትየው ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችላት እህትየው ደነገጠች። «ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ክፍሌን ልለውጥ ነው የመጣሁት። እማማ ታች ይግቡ፤ እኔ ፎቅ እወጣለሁ።»

እህትየው አልገባትም። «ተፈርዶልሽ የለም እንዴ?»

«ተፈርዶልኛል። የኔ ስለሆነ እኮ ነው መስጠት የቻልኩት።»

ከሳሎኑ ሶፋ ላይ የእማማ ድምፅ መጣ። «ሳላንኳኳ ስገባብሽ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠቅልዬ ልግባ?»

«ይግቡ እንጂ እማማ። አሁን ተራው የኔ ነው፤ እኔ ሳላንኳኳ እየገባሁ እቀሰቅስዎታለሁ።»

እማማ ሊስቁ ብለው እምባቸው ቀደማቸው። ቤታቸው ሊሸጥ መሆኑን የሰሙት ዘግይተው ነበር፤ ሸክም ሆኛለሁ ብለው ዝም ብለው ኖረዋል። እህትየው ደግሞ ወደ በሩ ሸኝታት ስትወጣ እጇን ያዘቻት።

«በድዬሻለሁ» አለቻት። «ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ መንገድ አልታይ ብሎኝ። ወንድሜን እዚያ ያሳደርኩት አንቺን ደባል ለማስባል ነው፤ እሱ ግን ምንም አያውቅም። ለጠበቃው ምን እንደነገርኩት አልነገርኩትም። ስልክ በደወለ ቁጥር ስለ አንቺ ነበር የሚያወራው፤ ዝም በል ብለው እንኳ ዝም አይልም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔንም አያናግረኝም።»

እቃ የሚዛወርበት ቀን መካኒኩ ሁሉን ከእናቱ ሰምቶ ሳይጠራ መጣ። የእማማን ሰፊ አልጋ ፈታቶ አወረደና ከኩሽናው ማዶ ባለችው ክፍል ገጠመው። እማማን ኩሽናው በር ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧቸው። ከዚያ የቀረው የእሷ አልጋ ነበር፤ የማይፈታ የብረት አልጋ። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ይዘው ወደ ፎቅ ጀመሩት። እስካሁን ከ«ያዢ» እና ከ«ልቀቅ» በቀር አልተነጋገሩም።

«ወደ ግራ አዘንብዪው።»

«የማን ግራ?»

«ያንቺ።»

«የኔ ግራማ ግድግዳ ነው!»

ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልጋው ተቀረቀረ። ወደ ላይ ቢስቡት እምቢ፣ ወደ ጎን ቢሉት እምቢ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ አልጋው በመካከላቸው ቆሟል። በብረቱ ዘንግ መሃል ይተያያሉ።

«ለሰው ሁሉ ሊፍት ስትተክል እዚህ ቤት አንድ ብትተክል ምን ነበረበት?» አለች።

ፈገግ አለ፤ ቶሎ ግን ፈገግታው ጠፋ። «ተቀይመሽኛል?»

«ተቀይሜህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደክሞኛል።»

 ከታች የእማማ ምርኩዝ ወለሉን ሲቆረቁር ይሰማል።

«እትዬ ሁሉን ነግራሻለች» አለ። «ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ‹እዚያ እደር› ስትለኝ ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አንቺን ካየሁ በኋላ ደግሞ ጭራሽ መጠየቅ አልፈለግኩም። ‹እንግዲያው ውጣ› ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

በዘንጎቹ መሃል ትኩር ብላ አየችው። «ለእህትህ ስለ እኔ ምን ነበር የምትነግራት?»

«ያየሁትን ሁሉ።»

«ለምሳሌ?»

«ሾርባ ስትቀምሺ ዓይንሽን እንደምትጨፍኚ።»

«ይሄን ለጠበቃው ነግራዋለች?»

«አልነገረችውም መሰለኝ።»

«እሱን እንኳን ተወችልኝ። ችሎት መሃል ይነበብ ነበር እኮ!»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኖቻቸው አልተላቀቁም። እጁን በብረቶቹ መሃል አሾልኮ ዘረጋላት። መዳፉ የግራሶ ምልክት አለበት፤ የሷ ጥፍሮች ሥር ጂፕሰም ደርቋል። ያዘችው።

«አግቢኝ» አላት።

«በአልጋ ተከልሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እንዳታመልጪኝ ነው።»

«በታች በኩል ያለሁት እኮ እኔ ነኝ። ማምለጫ የሌለህ አንተ ነህ።»

«እሱም እውነት ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ማምለጥ አልፈልግም።»

 «እሺ» አለች። ድምፅዋ አልወጣ ስላለ ደገመችው። «እሺ።»

«እናንተ ልጆች!» አሉ እማማ ከታች። «ምነው ድምፃችሁ ጠፋ? አልጋው ወደቀባችሁ እንዴ?»

«አልወደቀም እማማ!» አለች ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ልጅዎ ሊያገባኝ ነው!»

ምርኩዙ ፀጥ አለ። ከዚያ ደረጃውን ሁሉ የሞላ እልልታ ተሰማ፤ እልልታውን ተከትሎ ደግሞ ቁጣ መጣ።

«ታዲያ ያንን አልጋ ወዴት ነው የምትወስዱት? የአንድ ሰው አልጋ እኮ ነው! መልሱት!»

ሁለቱም እየሳቁ ተነሱ፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ያዙ። ወደ ላይ አልወጣም ብሎ ሲያስለፋቸው የነበረው አልጋ፣ ወደ ታች ሲሉት ያለ ምንም ችግር ወረደ።